ቀፎ፣ ንድፊያና መድኃኒቱ በፎገራ ሜዳ

በፎገራ ሜዳ ንብ ማነብ ከበሬውና ከማረሻው ጋር አብሮ የኖረ የገበሬ ሥራ ነው። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለ ሲሆን ክረምት በመጣ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች እየሞሉ ደለል ያለብሱታል። የወረዳው ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ትገኛለች። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ አየሩ ለንብ ይስማማል። መስከረም ሲጠባ ተረተሩ አደይ አበባ፣ ማሳው ደግሞ የኑግ አበባ ይለብሳል፤ ዋናው የማር ቆረጣም በጥቅምትና በኅዳር ይውላል። ዝናቡ ከቀናም በግንቦትና በሰኔ ሁለተኛ ምርት ይገኛል።

ማሩ ባለበት ንድፊያው አለ። የንብ ንድፊያ ለአብዛኛው ሰው የአንድና የሁለት ቀን ሕመምና እብጠት ነው። ለጥቂቶች ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት የሚያሳጣ አደጋ ይሆናል። አንዱን የሚያሳብጠው ንድፊያ ሌላውን ለምን እንደሚገድል የታወቀው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። መድኃኒቱ የተገኘበት መንገድ ደግሞ ለንብ አናቢ እንግዳ አይደለም፤ ንብ አናቢው በሥራው ብዛት ሳያስበው የሚያገኘውን የመርዝ ልምድ ሐኪሞች ለክተውና ከፋፍለው በመርፌ የሚሰጡበት ሕክምና ነው።

ቀፎው በቤት ውስጥ

የአካባቢው ባህላዊ ቀፎ በሰሜን ኢትዮጵያ ሁሉ የሚታወቀው ሞላላ ቀፎ ነው። ከሸምበቆ፣ ከቀርከሃ ወይም ከቀጫጭን እንጨት ይታታል፤ ውጪው በጭቃና በእበት ይመረጋል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው። በአንደኛው ጫፍ ንቦቹ የሚገቡበትና የሚወጡበት ጠባብ ቀዳዳ ይተውለታል፤ ሌላው ጫፍ ማር ሲቆረጥ ብቻ የሚነሣ ክዳን አለው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቀፎ በጫካ ከረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቀላል። በሰሜኑ ግን ቀፎው የቤት ነው፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከግድግዳው ላይ ወይም ከጓዳው መደብ ላይ ይቀመጣል።

ይህ ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ባየው አገር ማር እንደሚበዛ ጽፏል። ቀፎዎቹ በገበሬው ቤት ውስጥ ግድግዳ ተጠግተው እንደሚቀመጡ፣ ንቦቹም በተተወላቸው ቀዳዳ ወደ ውጭ እየወጡ እንደሚቀስሙ ይገልጻል። ንቦቹ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ቢሉም ሰዎቹ ቤታቸውን እንደማይለቁ መዝግቧል።

ቀፎን ከቤት ማስጠጋት ጥቅሙ ብዙ ነው። ከሌባና ከሸለመጥማጥ ይጠብቃል፤ ንቡ ሊፈልስ ሲነሣሣ ቶሎ ይታያል፤ በሜዳው ላይ ደግሞ የክረምቱ ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያውለዋል። ጣጣው ንድፊያ ከባለሙያው አልፎ ለቤተሰቡ ሁሉ መትረፉ ነው። ሕፃናት፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ ደጅ የታሰሩ በሬዎችና አህዮች ከንቡ መንገድ ጋር በየቀኑ ይተላለፋሉ። ንብ አናቢው በዓመት በርካታ ጊዜ ሲነደፍ ቤተሰቡ አልፎ አልፎ አንድና ሁለት ጊዜ ይነደፋል። ይህ የመነደፍ ብዛት ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው በኋላ የሕክምና ጥናት አሳይቷል።

ግብር፣ ጠጅና ሰም

የፎገራ ሜዳ ባለበት በቤጌምድር ማር የቤት ፍጆታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ከፎገራ በስተሰሜን እንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ቤተ መንግሥት ሲያሠሩ፣ ዐፄ ፋሲለደስም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መቀመጫቸው ሲያደርጉ፣ የጣና ዙሪያ አገር ለቤተ መንግሥቱ ስንቅ አቅራቢ ሆነ። ጠጅ የነገሥታትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ግብር በሚበላበት አዳራሽ ሁሉ ይቀዳ ነበር። ለዚህም ገበሬው በጉንዶ እየተሰፈረ የማር ግብር ያገባ ነበር። በዓይነት የሚከፈለው ግብር በገንዘብ እየተተካ የሄደው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ነው።

ሰሙ ሌላ መንገድ ነበረው። የጣና ገዳማትና የሜዳው አብያተ ክርስቲያናት ለቅዳሴና ለማሕሌት ጧፍ ያስፈልጋቸዋል፤ ጧፍ የሚሠራው ፈትልን በቀለጠ ሰም ውስጥ እየነከሩ በማሸት ነው። ማሩ ከተጣራ ወይም ጠጁ ከተጠመቀ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ በሙቅ ውሃ ቀልጦ ሲጨመቅ ሰም ይወጣዋል። ከሜዳው በስተሰሜን ያለው የይፋግ ገበያና ከእርሱ የማይርቀው የደሪጣ ነጋዴዎች መንደር በ19ኛው መቶ ዘመን በጎንደርና በደቡቡ አገር መካከል ለሚመላለሰው ቅፍለት ዋና ማረፊያ ነበሩ። ሰም በዚያ ዘመን በምጽዋ በኩል ወደ ውጭ ከሚወጡት ሸቀጦች አንዱ ነበር።

በሃይማኖቱ ትውፊትም ንብ ልዩ ቦታ አላት። የቅዱስ ላሊበላ ገድል ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደከበቡት ይተርካል። በላስታ የብልባላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በግድግዳው ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ማሩም ለቆዳ ሕመም ፈውስ ይሰጣል ተብሎ ይታመናል። በሀገሩ የመድኃኒት አዋቂዎች ዘንድም ማር ራሱ መድኃኒት ከመሆኑ ሌላ የመራራ ሥርና ቅጠል ማዋሐጃ ነበር። በእምነቱም በሙያውም ንብ የምትታወሰው በአብዛኛው በፈውሷ ነው።

ማር ሲቆረጥ

ማር የሚቆረጠው ሲመሽ ነው፤ ንብ በጨለማ አትበርም፣ መሬት ለመሬት ትድሃለች እንጂ። ቆራጩ ደረቅ እበት ወይም ያረጀ ጨርቅ አቀጣጥሎ ጭሱን በኋለኛው ክዳን በኩል ይነፋል። ጭሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ንቦቹ ቤታቸው የተቃጠለ መስሏቸው ሆዳቸውን በማር ይሞላሉ፤ የጠገበች ንብ ለመንደፍ ትሰንፋለች። ከዚህም በላይ ንቦቹ እርስ በርስ ለማስጠንቀቅ የሚረጩትን ሽታ ጭሱ ይሸፍነዋል። ቆራጩ ከኋላ ጀምሮ የማር እንጀራውን አንድ በአንድ በቢላዋ እየለቀቀ ያወጣል፤ እጭ ያለበት እንጀራ ሲደርስ ማቆም የሙያው ደንብ ነው። ጓንትና የፊት መሸፈኛ ባልነበረበት ዘመን ጋቢ ተከናንቦ፣ እጅን ለንድፊያ ትቶ መሥራት የተለመደ ነበር።

የንብ መንደፊያ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የተመለሱ ጥርሶች አሉት። በሰው ቆዳ ውስጥ ከተሰካ በኋላ አይነቀልም፤ ንቧ ስትሸሽ ከመርዝ ከረጢቱና ከጡንቻው ጋር ተቦጭቆ ይቀራል፤ እርሷም ትሞታለች። የቀረው ጡንቻ ግን ብቻውን እየተኮማተረ መርዙን መግፋቱን ይቀጥላል። ከረጢቱ ከያዘው መርዝ 90 በመቶው የሚገባው በ20 ሴኮንድ ውስጥ ነው። እሾሁ በጥፍር ይፋቅ ወይስ በጣት ተይዞ ይነቀል የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ሙከራ ልዩነት የሚያመጣው አነቃቀሉ ሳይሆን ፍጥነቱ መሆኑን አሳየ።

እሾሁ በተሰካበት ቦታ የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታ ይቀራል። ይህ ሽታ ለሌሎቹ ንቦች የጥቃት ምልክት ስለሆነ በአንድ ቦታ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ንድፊያ ይከተላል። ልምድ ያለው ንብ አናቢ እሾሁን ወዲያው አንሥቶ ቦታውን በጭስ የሚያጥነው ለዚህ ነው።

የሀገሩ ንብና ቁጣዋ

የኢትዮጵያ ማር ንብ ከአውሮፓዋ ጋር አንድ ዝርያ ናት፤ የምትለየው በንዑስ ዝርያዋ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት የአገሪቱን ንቦች ለአምስት ንዑስ ዝርያዎች ከፍለዋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የኢትዮጵያ ንቦች ከጎረቤት አገሮች ንቦች ተለይተው አንድ ንዑስ ዝርያ እንደሆኑ ገልጾ በሰሜን ተራሮች ስም «ሲሜንሲስ» ብሎ ሰይሟቸዋል።

የአፍሪካ ንቦች በቁጡነታቸው ይታወቃሉ። ዋርዊክ ኬር የተባለው ብራዚላዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1956 ከአፍሪካ ንቦችን ወስዶ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት 26 መንጋዎች አምልጠው ከአውሮፓ ንቦች ጋር ተዳቅለው በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ተሠራጩ። በዚያ የደረሰው የሞት አደጋ መርዛቸው የበለጠ ገዳይ ነው የሚል ወሬ አስነሣ። ምርመራው ግን ሌላ አሳየ፤ የአንዲቷ ንብ መርዝ ከአውሮፓዋ አይበረታም፤ ልዩነቱ በብዛትና በፍጥነት መውጣታቸው፣ ርቀውም ማሳደዳቸው ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት አደጋ አለ፤ ሁለቱንም መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የመርዝ ብዛት ነው። ቀፎ ተነክቶበት መንጋው የሰፈረበት ሰው ወይም እንደታሰረ የተወረረ በሬ በመርዙ ብዛት ይጎዳል፤ ከ500 በላይ ንድፊያ ጤነኛ አዋቂን ሊገድል ይችላል፣ ሕፃናትን ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰው። ሁለተኛው አለርጂ ነው፤ ለዚህ አንዲት ንብ ትበቃለች።

አዳዲሶቹ ቀፎዎች

ዘመናዊ የንብ እርባታ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሆለታ በተቋቋመው የንብ እርባታ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ቆይቶ የምርምር ማዕከል ሆኗል። ፍሬም ያላቸው የሣጥን ቀፎዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲገቡ፣ ከኬንያ የመጣው የሽግግር ቀፎ በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ መሞከር ጀመረ። በአማራ ክልል ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል በንብ ላይም ይሠራል።

አዲሱ ቀፎ ከጓዳ ወጥቶ ከቤቱ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ማሩ በቀን ብርሃንም ሊቆረጥ ይችላል፤ ለዚህ ግን ቱታ፣ ጓንት፣ የፊት መሸፈኛና የጭስ ማጨሻ ያስፈልጋል። ቀፎን ከሰውና ከከብት መተላለፊያ ማራቅ ከሕግም ይገናኛል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል።

ሜዳውም በዚህ መካከል ተለውጧል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተሳተፉበት ሙከራ የተጀመረው ሩዝ በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ተሞክሮ ሜዳውን አዳረሰ፤ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ሩዝ የአበባ ወለላ የሌለው ሰብል ነው። ኑግ ይዘራበት የነበረ ማሳ ሩዝ ሲሆን ንቧ የምትቀስመው ይቀንሳል። በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ደግሞ ፀረ ተባይ ይረጭበታል፤ ርጭቱ በአበባ ወቅትና በቀን ከሆነ ቀሳሚዎቹን ይፈጃል።

አለርጂ እንዴት ታወቀ

ፈረንሳውያኑ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባሕር እንስሳ የተገኘ መርዝ በትንሽ መጠን ለውሾች ወጉ። ያሰቡት ውሾቹ መርዙን እንዲለምዱት ነበር። ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ጥቂት መጠን ሲደግሙላቸው ግን አንዳንዶቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። ሪሼ ይህን «አናፊላክሲስ» ብሎ ሰይሞ እ.ኤ.አ. በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሰውነት ለመርዝ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ መከላከያ እንዳልሆነ፣ አንዳንዴ ራሱ መከላከያው እንደሚገድል የታወቀው ያኔ ነው።

በዚህ መልስ ውስጥ ዋናው ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 በአሜሪካና በስዊድን ተመራማሪዎች የተገኘው አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ነው። አንድ ሰው መጀመሪያ ሲነደፍ ሰውነቱ በመርዙ ውስጥ ላሉ ፕሮቲኖች፣ በተለይም ፎስፎሊፔዝ ኤ2 ለተባለው፣ አይጂኢ ሊሠራ ይችላል። አይጂኢው በቆዳ፣ በሳንባና በአንጀት ውስጥ ባሉ ማስት ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይቆያል። በሌላ ቀን ሲነደፍ መርዙ ከተለጠፈው አይጂኢ ጋር ይጋጠማል፤ ሴሎቹም የያዙትን ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች በአንድ ጊዜ ይረጫሉ። ከዚያ በኋላ ሰውነት ሁሉ ያሳክካል፣ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈርና ምላስ ያብጣሉ፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ የደም ግፊት ወርዶ ሰው ራሱን ይስታል። የተነደፈው ቦታ ብቻ ምንም ያህል ቢያብጥ አናፊላክሲስ አይባልም።

የአውሮፓ ጥናቶች እንደሚያሳዩት መላ ሰውነትን የሚያናውጥ የንድፊያ አለርጂ ከአዋቂው ሕዝብ ከ0.3 እስከ 7.5 በመቶ በሚሆነው ላይ ይደርሳል፤ በንብ አናቢዎች ዘንድ ከ14 እስከ 43 በመቶ ይሆናል።

ከተፈጨ ንብ እስከ ንጹሕ መርዝ

ሰውነትን ለሚያስቆጣው ነገር በጥቂት በጥቂቱ የማላመድ ሐሳብ የተፈተነው መጀመሪያ በሣር ጽጌ ብናኝ ነው። እንግሊዛዊው ሌናርድ ኑን እ.ኤ.አ. በ1911 በለንደን ቅድስት ማርያም ሆስፒታል የጽጌ ብናኝ ጭማቂ ለታማሚዎች እየወጋ መጠኑን ከፍ ያደርግ ነበር። ኢሚውኖቴራፒ የሚባለው ሕክምና ከዚያ ይጀምራል። ለንብ ንድፊያ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የአፍሪካ ነው፤ ብራውን የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1925 ከንብ የኋላ አካል በተዘጋጀ ጭማቂ አንድ ታማሚ ማላመዱን አሳተመ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ሕክምናውን ለ50 ዓመት ያህል አሳሳተው። እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጽሑፍ አለርጂው በንቡ አካል ሁሉ ውስጥ ካለ ፕሮቲን እንደሚመጣ ገመተ። ስለዚህ ንቡ እንዳለ ተፈጭቶ ጭማቂው መርፌ ሆነ። በእንዲህ ያለ ጭማቂ ውስጥ የመርዙ መጠን ጥቂት ነው፤ ያለውም በአዘገጃጀቱ ይበላሻል። የተወጉት ብዙዎች ዳግመኛ ሲነደፉ ስላልታመሙ መድኃኒቱ የሠራ መሰለ። ከአለርጂ ታማሚዎች ብዙዎቹ ግን መርፌ ባይወጉም በቀጣዩ ንድፊያ አይናወጡም።

ሜሪ ላቭለስ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተርብ መርዝ ከረጢቶችን እየለየች በንጹሕ መርዝ ማከም ጀመረች። ብዙ መርዝ ማግኘት ቸግሮ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1963 ሌላ ዘዴ ታተመ፤ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ በቀፎው አፍ ላይ ይዘረጋል፣ ንቦቹ ነዘራው ሲያስቆጣቸው ስስ ሽፋን ይወጋሉ፣ መርዙም ከሥር ባለው መስተዋት ላይ ደርቆ ይፋቃል። ንቦቹ ሳይሞቱ መርዛቸው በግራም ተሰበሰበ።

የንብ አናቢዎች ደምም ለጥናቱ አገለገለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሎረንስ ሊክተንስታይን የሚመራው ቡድን ብዙ ጊዜ ከተነደፉ ንብ አናቢዎች ደም ፀረ እንግዳ አካላትን ለይቶ ለአለርጂ ታማሚዎች ሰጠ፤ ታማሚዎቹ ለጊዜው ከአደጋ ተጠበቁ። የሚከላከለው አይጂጂ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል እንደሆነና ይህንንም የሚያስገኘው መርዙ ራሱ እንደሆነ ግልጽ ሆነ።

ፍርዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ታማሚዎች በሦስት ተከፍለው አንዱ ቡድን ንጹሕ መርዝ፣ ሁለተኛው የተፈጨ ንብ ጭማቂ፣ ሦስተኛው መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተወጋ። ኋላ በሐኪም ፊት ሆን ተብሎ ሲነደፉ ባዶ መርፌ ከተወጉት 12 ሰዎች 7ቱ፣ ጭማቂውን ከወሰዱት 11 ሰዎችም 7ቱ ተናወጡ፤ መርዙን ከወሰዱት 18 ሰዎች ግን አንድ ብቻ። ጭማቂው ከባዶ መርፌ የማይሻል መሆኑ ተረጋገጠ። በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ንጹሑን መርዝ ለሕክምና ፈቀደ።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል

ሕክምናው የሚታዘዘው ከንድፊያ በኋላ መላ ሰውነቱ ለተናወጠና በቆዳ ወይም በደም ምርመራ አይጂኢ ለተገኘበት ሰው ነው። መርፌው ከአንድ ማይክሮግራም ባነሰ መርዝ ይጀምራል፤ በየሳምንቱ እየጨመረ በወራት ውስጥ 100 ማይክሮግራም ይደርሳል። አንዲት ንብ ስትነድፍ ከ50 እስከ 140 ማይክሮግራም ስለምታስገባ ይህ መጠን ከአንድ ወይም ከሁለት ንድፊያ ጋር ይመጣጠናል። በሆስፒታል ተኝቶ በቀናት ውስጥ የሚጠናቀቅ ፈጣን አሰጣጥም አለ። ከዚያ በኋላ መርፌው በየአራት ሳምንቱ፣ እያደርም በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ ለሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቀጥላል። እያንዳንዱ መርፌ ራሱ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ታካሚው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በሐኪም ዓይን ሥር ይቆያል።

ውጤቱ ትልቅ ነው። በንብ መርዝ ከታከሙት ከ77 እስከ 84 በመቶ የሚሆኑት፣ በተርብ መርዝ ከታከሙት ደግሞ ከ91 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑት ዳግመኛ ሲነደፉ አይናወጡም። ሥራውን ለማይተው ንብ አናቢ አንዳንዴ መጠኑ ወደ 200 ማይክሮግራም ከፍ ይደረጋል።

የንብ አናቢው ልምድ

ብዙ የተነደፈ ሰው ንድፊያ ይለምዳል የሚለው የንብ አናቢዎች አባባል መሠረት አለው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ንብ አናቢዎች ላይ በተደረገ ጥናት በዓመት ከ25 ጊዜ በታች ከሚነደፉት 45 በመቶው አለርጂ ደርሶባቸው ነበር፤ በዓመት ከ200 ጊዜ በላይ ከሚነደፉት መካከል አንድም አልተገኘም። የሚያሰጋው እንግዲህ ጥቂት ጊዜ መነደፍ ነው፤ የጀማሪው፣ የቤተሰቡና የጎረቤቱ ዕጣ።

ልምዱ ዘላቂም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት አለርጂ የሌለባቸውን ንብ አናቢዎች ደም በየወቅቱ መረመረ። በወቅቱ መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ በተነደፉ በሳምንት ውስጥ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርዱ ቲ ሴሎች ይበረክታሉ፤ ንድፊያው ሲቋረጥ ግን ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። በፎገራ ከሰኔው ቆረጣ እስከ ጥቅምቱ ያለው የክረምት ወራት ከዚህ የሚረዝም በመሆኑ ዘመኑን ሙሉ ንብ ያነበ ሰውም በወቅቱ መጀመሪያ መጠንቀቅ ይገባዋል። አንድ ጊዜ የተናወጠ ሰው ልመደው ብሎ በራሱ ፈቃድ መነደፉ አደገኛ ነው፤ የንቧ መጠን አይለካም፣ ቀፎ አጠገብም አድሬናሊን አይገኝም።

ፈጥኖ ደራሹ መድኃኒት

ኢሚውኖቴራፒ የነገውን ንድፊያ ይከላከላል፤ ለዛሬው ግን መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው። ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ከእንስሳ እጢ አጣርቶ ያወጣው ይህ ሆርሞን የላሉትን የደም ሥሮች ያጠብቃል፣ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ይከፍታል። ለአዋቂ እስከ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ለሕፃን በኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊ ግራም ተሰልቶ በጭኑ መካከለኛ ውጫዊ ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ካልተሻለ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ታማሚው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይላል፤ ትንፋሽ ያጠረው ግን ይቀመጥ። የአለርጂ ክኒንና ሃይድሮኮርቲዞን ማገዣ ናቸው እንጂ አይተኩትም። በእንግሊዝ አገር የሞት መዝገብ ላይ የተደረገ ጥናት በንድፊያ አናፊላክሲስ ልብ እስኪቆም ያለው መካከለኛ ጊዜ 15 ደቂቃ መሆኑን አሳይቷል።

ይህ አኃዝ ለገጠር ሕክምና ትልቅ ትርጉም አለው። በአካባቢው የዘመናዊ ሕክምና ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 በደንብያ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ በ1954 ጎንደር ላይ በተከፈተው የጤና ኮሌጅ ነው፤ ከዚያ የወጡ የጤና መኮንኖችና ነርሶች በየጤና ጣቢያው ተመደቡ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቀበሌው ጤና ኬላ አቆመ። ለማላመድ ሕክምናው የሚውለው መርዝ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ፣ የሠለጠነ ሐኪምና የዓመታት ምልልስ ይጠይቃል። አድሬናሊን ግን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ ከብርሃን ተጠብቆ ያለ ማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ትንሽ ብልቃጥ ነው። ስለዚህ በንብ አገር የሚሠራ የጤና ባለሙያ ዝግጅት በብልቃጧና በመርፌው ይጀምራል። አደጋው ያለፈለት ታማሚ ደግሞ የምርመራና የማላመድ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይላካል፤ እስከዚያው ከቀፎ ይርቃል፣ ቀፎውም ከደጃፉ ይነሣል።